በር ያስዘጋሁባት እንግዳ

ይሄን ነገር ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለፓስተሩ አልነገርኩም፣ ተናድጄ እንኳ አምልጦኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ አፌ የሚያርፍ ሰው አይደለሁም። ይርጋጨፌ መናኸሪያ ሄዳችሁ "ያ ወሬኛው ሞተረኛ የታለ?" ብትሉ ማንም ሳያመነታ እኔ ጋ ነው የሚያመጣችሁ። ስለሁሉም ነገር አወራለሁ። ስለዚህ ብቻ ዝም አልኩ። ሁለት አመት አለፈው። እኔ ሁለት አመት አንድ ነገር በሆዴ ይዤ! የሚያውቀኝ ሰው ቢሰማ አያምንም።

ስለራሴ ትንሽ ልበል። ትምህርት አልሆነልኝም። ስድስተኛ ክፍልን ደጋግሜ ስማረው አስተማሪው ራሱ "አንተ ልጅ፣ እኔ እንኳ ጡረታ ልወጣ ነው፣ አንተ እዚሁ ልትቀር ነው?" አለኝና ተሳስቀን ተለያየን። ሞተር ላይ ግን ማንም አይደርስብኝም። ክረምት የመንደራችን የኮንጋ መንገድ እንደ ሳሙና ሲያዳልጥ፣ ሌላው ሞተሩን በእግሩ እየገፋ ሲሄድ፣ እኔ እናትን ከነልጇ ከነዶሮዋ ጭቃ ሳላስነካ አደርሳለሁ። ይሄ ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራ ነው። ግን እውነትም ነው።

ሚንን ያገኘኋትም በዚሁ ጉራዬ ነው።

ሚን የኮሪያ ሰው ናት። ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ የነጣ ትልቅ ሴት ናት። አገሯ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ጡረታ ስትወጣ በነጻ ላገልግል ብላ አንድ ድርጅት ወደ ኮንጋ አመጣት። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ በእግር የሚረገጡ የስፌት መኪናዎች ተደርድረውላት ወጣት ሴቶችን ስፌት ታስተምራለች። የምትኖረው ትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ድርጅቱ "እንግሊዝኛ የሚችል ሞተረኛ እንፈልጋለን" ሲል እኔ ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ኳስ ሳይ ነው። ደግነቱ የሷም እንግሊዝኛ እንደኔው ስብርባሪ ነበር፣ ስለዚህ ተግባባን።

ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ደጇን ራሷ ትጠርጋለች። ልብሷን ራሷ ታጥባለች። "እኔ ላጥብልሽ" የሚሉ ልጆች መጥተው ሳሙናውን ሲቀሟት እሷም መልሳ ትቀማቸዋለች። መንገድ ላይ ሰው ስታገኝ ሰፊ ባርኔጣዋን አውልቃ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ነው ሰላም የምትለው። ለሽማግሌውም ለህጻኑም ያው ነው። አንዴ ለአህያ ጎንበስ አለች ብዬ አውርቻለሁ፣ እሱ ግን የኔ ፈጠራ ነው። ህጻናቱ "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ይከተሏታል፣ ዞር ብላ "ኮሪያ!" ትላቸዋለች። "ቻይና!" "ኮሪያ!" እየተባባሉ አዳራሹ በር ይደርሳሉ። ሰው ወደዳት። ቶሎ ወደዳት።

እኔ ደግሞ ከተማ ስወርድ እሷን ነበር የማወራው። "ያለኔ አንድ እርምጃ አትራመድም" እላለሁ። "ውሃ እንኳ እኔ ካልቀዳሁላት አትጠጣም። ስትሄድ ይዛኝ ነው የምትሄደው፣ ፓስፖርት ላወጣ ነው።" ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኝ ጀመር። ካሳሁን የሚባል ሞተረኛ ጓደኛ አለኝ፣ እሱ ሳይቀር "ኮሪያ ስትገባ እኛንም ትጠራናለህ አይደል?" ይለኝ ነበር። "እንደ ጸባያችሁ ነው" እለዋለሁ፣ እግሬን አጣምሬ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ስፌቱ ሲያልቅ ሚን የምትሄደው እማማ በየነች ቤት ነው። እማማ በየነች ባሏ የሞተ፣ ልጆቿ ዲላ የገቡ፣ ከአዳራሹ ቁልቁል ወረድ ብሎ እንሰት መሀል ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ከሰአት ከሰአት ጎረቤቶቿ እሷ ጋ ተሰብስበው እንሰት ይፍቃሉ። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይደርስም። እኛ ጋ ነውር ነው። የቤቱ ባል እንኳ ጉዳይ ካለው ከሩቅ ቆሞ ይጣራል እንጂ አይጠጋም። ሚን ግን ሴት ናት። ባርኔጣዋን አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች። በዚያ እድሜዋ መሬት ተቀምጣ፣ መፋቂያውን ይዛ፣ እንደነሱ መፋቅ ጀመረች።

እኔስ? እኔ ውጪ፣ ሞተሬ ላይ። ሳቃቸውን እሰማለሁ። እማማ በየነች በጌዴኦኛ ታወራለች፣ ሚን በኮሪያኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይንከተከታሉ። ማን አስተረጎመላቸው? ማንም። "ያለኔ አንድ እርምጃ አትራመድም" ያልኳት ሴት ያለኔ ሙሉ ከሰአት ትስቃለች፣ እኔ ዝንብ እየመታሁ እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን ከዚያ ወጥታ ሞተሩ ላይ ስትወጣ እጇ መሬት ተቀብሮ የቆየ ቆጮ ይሸታል። ራሷ እያሸተተችው "እናቴም ምግብ መሬት ውስጥ ትቀብር ነበር" አለችኝ። "ጎመን፣ በእንስራ፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት። ሽታው ይሄው ነው። እናቴ ከሞተች ይሄን ሽታ አሽትቼ አላውቅም።" እኔ ምን ብዬ መለስኩ? "እሺ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢኝ" ብዬ ነዳሁት።

ከዚያ ካሳሁን ሰው ጭኖ ኮንጋ መጣና እዚያ እማማ በየነች አጥር ጋ ተቀምጬ አገኘኝ። ምንም ሳይለኝ አለፈ። ማታ ሻይ ቤት ስገባ ግን ገና ከበሩ ጮኸ፣

"አምባሳደሩ መጣ! አጥር ጥበቃ ቀጥረውሃል አሉ?"

"አርፈህ ቁጭ በል" አልኩት።

"ፓስፖርቱን ለእማማዎቹ ንገራቸው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይሰጡሃል።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች። እኔ ሌላው ላይ ስቀልድ ጎበዝ ነኝ፤ ሲቀለድብኝ ግን ፊቴ ይቃጠላል። ይሄው ነው ምክንያቱ። ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ። ማንም ሰው አልገደለብኝም፣ ማንም ንብረት አልወሰደብኝም። ተሳቀብኝ፣ በቃ። ለዚህ ነው ያደረኩትን ያደረኩት።

በማግስቱ ሚን አዳራሽ እያለች እማማ በየነች ደጅ ሄድኩ።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ከኔ እንዳልሰማሽ።"

"ምን ሆንክ? ሞተርህን ገለበጥክ?"

"እኔ ሞተር አልገለብጥም። ስለ ሚን ነው። ቆጮ አይስማማትም።"

"ሂድ ውሸታም! ትናንት ጨምሪልኝ ብላ በእጇ አሳየችኝ እኮ።"

"ችግሩ እሱ አይደል? እነሱ አገር የሰው ቤት ምግብ እምቢ አይባልም። ቤቷ ስትገባ ግን ሆዷን ይዛ ስትንፈራፈር ነው የምታድረው። ገና ካገሯ ስትወጣ ሀኪም ከልክሏታል። እናንተን ላለማስቀየም ብላ ነው የምትበላው።"

ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሁት? እኔም አላውቅም። ውሸት ሲጀመር ለኔ እንደ ቁልቁለት ነው፣ ነዳጅም አይፈልግ። እማማ በየነች መጀመሪያ ፊት ፊቴን አየችኝ፣ ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ያቺን የመሰለች ሴት በገዛ እጄ ልገድላት ነው?" አለች። አሁን "ቀልዴን ነው" ማለት እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር። እኔ ግን ትከሻዬን ሰበቅኩ።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር፤ ቆጮ መስጠት ይተዋሉ፣ ሚንም ትንሽ ትሰለቻለች፣ እኔ ጋ ትመለሳለች። የረሳሁት ነገር አለ። የዚያው አገር ልጅ ሆኜ ረሳሁት፣ ወይም እንደረሳሁ ሆንኩ። እኛ ጋ እንግዳ ቤት ገብቶ አፉ ላይ ምንም ሳያደርግ አይወጣም። እማማ በየነች ቤት ከቆጮ ሌላ ምን አለ? ጎረቤቶቿ ቤትስ? እንግዳ ገብታ የምትበላውን ከምታጪ፣ እንግዳዋን ባታስገቢ ይሻላል። ለነሱ እንደዚያ ነው የገባቸው። ወሬው ከቤት ቤት ዞረ፤ "እንዳታሳዝኗት፣ እንዳታስገቧት፣ ገብታ ካየች እምቢ አትልም፣ በልታ ትሞትብናለች።" ወደዋት ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ወደዋት ነው በር የዘጉባት።

የሚን ባርኔጣ እንሰቱ መሀል ብቅ ሲል ሴቶቹ ስራቸውን ጥለው ቤት ይገባሉ። በሩ ይዘጋል። ሚን ደርሳ ታንኳኳለች። "እማማ" ትላለች፣ በምታውቃት አንዲት ቃል። ቆማ ትጠብቃለች። ጣሪያው ላይ ጭሱ ይወጣል፣ ውስጥ ሰው እንዳለ ህጻን ልጅም ያውቃል። እሷ ግን ባርኔጣዋን አውልቃ፣ ለተዘጋው በር ከወገቧ ጎንበስ ብላ ትመለሳለች።

ለበር! ለእንጨት!

እኔ አይቻለሁ። ሞተሬ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ፣ አንዴ ብቻም አይደለም። ስፌት የሚማሩት ወጣቶችም ሰአት ሲደርስ "ተከትላን ቤት ትመጣለች" እያሉ መቀሳቸውን ጥለው ይሮጡ ጀመር። ሚን የወዳደቀውን ክር ብቻዋን ስትለቅም አይቻለሁ።

"ሰዎቹ ምን ሆኑ?" አለችኝ።

"ቡና ደርሷል፣ ለቀማ ላይ ናቸው።"

"ጭስ አለ" አለችኝ። "ቤት ናቸው። እኔ ምን አጠፋሁ?"

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይሄ ነው የኔ ሀጢአት። የመጀመሪያው ውሸት ቀልድም ቅናትም ነበር እንበል። ይሄኛውን ምን እንበለው? አንዲት አሮጊት፣ የእናቷን ሽታ ፍለጋ የሰው ደጅ የምትቆም አሮጊት፣ አይን አይኔን እያየች "ምን አጠፋሁ" ስትለኝ እኔ ምን አልኳት? "እዚህ አገር ሰው ቶሎ ይሰለቻል" አልኳት። "እንግዳ ሲቆይባቸው ይሰለቻሉ።" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ስለ ህዝቤ፣ ያለውን አውጥቶ ስለሚያበላ ህዝብ፣ እንደዚህ ብዬ አወራሁ። በዚያ በተሰበረ እንግሊዝኛዬ አንዷንም ቃል ሳልሳሳት።

"ገባኝ" አለች። ከዚያ በኋላ ቁልቁል አልወረደችም።

አሸነፍኩ አይደል? በትርፍ ሰአቷ ሁሉ እኔ ጋ ሆነች። ይርጋጨፌ ወሰድኳት፣ ዲላ ወሰድኳት፣ ካሳሁን ባለበት ሆን ብዬ ሁለቴ ዞርኩ። "ይቅርታ አምባሳደር!" አለኝ ኮፍያውን አንስቶ። ወንበሬም ተመለሰልኝ። ግን ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት ዝም። ድሮ በየዳገቱ "ኡ!" እያለች የምትስቀው ሴት ዝም። ዲላ ጁስ ቤት አስገብቼ፣ አቮካዶውን ፊቷ አስቀምጬ፣ ያለ የሌለ ቀልዴን አወጣሁ። መንደር ሙሉ የማስቅ ሰው ነኝ እኮ! እሷ ማንኪያውን እያማሰለች መንገዱን ታያለች። ጁሱ እንዳለ ቀረ። እኔም መቀመጥ አቃተኝ። ሞተሩን ሳልፈልግ አስነሳዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። ቤት ስገባ መውጣት ያምረኛል፣ ስወጣ መግባት። "ነገ እነግራታለሁ" እላለሁ። ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ አለ።

ነገ እያልኩ እሷ ጊዜዋ ሳይደርስ ልሄድ ነው አለች። ለድርጅቱ "ደከመኝ" አለች አሉ።

የሄደች ቀን የድርጅቱ መኪና አዳራሹ ጋ ቆመ። ሰው ወጣ። ያ በር የዘጋ ሰው በሙሉ ወጣ። ሴቶቹ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ እንቁላል ይዘዋል፤ ቆጮ የያዘ የለም። እማማ በየነች ይርጋጨፌ ድረስ ሄዳ የገዛችውን ዳቦ በፌስታል ይዛ መጣች። መጀመሪያ ወደኔ ጠጋ ብላ በጆሮዬ "ዳቦ ይስማማታል አይደል?" አለችኝ። "ይስማማታል" አልኳት። ከዚያ የሚንን እጅ ያዘች፣ ማልቀስ ጀመረች።

"ንገራት" አለችኝ። "በሬን የዘጋሁት የማበላት አጥቼ ነው፣ ጠልቼ አይደለም በላት። ውስጥ ሆኜ እኔም ሳለቅስ ነበር በላት። እህቴ ናት በላት።"

ሚን ወደኔ ዞረች። ጠበቀች። እኔም ቃሉን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ "በር" አውቃለሁ፣ "ምግብ" አውቃለሁ፣ "እህት" አውቃለሁ። ግን ይሄን ከተናገርኩ ሚን "የምን በሽታ?" ልትል ነው። ያ ሁሉ ሰው ፊት። ካሳሁንም ሻንጣ ሊጭን መጥቷል።

"መልካም ጉዞ ትላለች" አልኳት።

ሚን ጎንበስ አለች። ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀበለች። መኪና ውስጥ ገባች። እማማ በየነች "ነገርካት?" አለችኝ። "ነገርኳት" አልኳት። "ምን አለች?" "አመሰገነች።" አዎ፣ እኔ ነኝ። ለአንዷ የተላከውን የሌላዋን ልብ ሰርቄ፣ በመሀል ቆሜ ፈገግ ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እማማ በየነች ባገኘችኝ ቁጥር "ሆዷ ተሻላት?" ትለኛለች። "ተሽሏታል" እላለሁ። ሚን ደግሞ አልፎ አልፎ ስልኬ ላይ ትጽፍልኝ ነበር፤ "ሰዎቹ ደህና ናቸው? አሁንም ተቀይመውኛል?" እኔ የአውራ ጣት ምልክት እልክላታለሁ። አውራ ጣት! ለምኑ ነው አውራ ጣቱ? እሷም ምን ብላ እንደተረጎመችው እግዜር ይወቅ። በኋላ መጻፉን ተወችው።

ባለፈው እሁድ ቤተክርስቲያን ነበርን። የጸሎት ሰአት ሲሆን እማማ በየነች ተነስታ ጮክ ብላ ጸለየች። "ጌታ ሆይ፣ የሚንን ሆድ ፈውስልኝ። ባለማወቅ በእጄ ያበላኋት ጎድቷት እንደሆነ እኔን ይቅር በለኝ።" ጉባኤው በሙሉ "አሜን!" አለ። እኔም አሜን አልኩ። ላልነበረ በሽታ፣ ላላጠፋች ሴት ይቅርታ፣ አፌን ሞልቼ አሜን አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሌላው ሰው ሲቀመጥ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ስንወጣ መንገድ ላይ ደረስኩባት።

"እማማ፣ ሚን አልታመመችም።"

"ተሽሏታል አልከኝ እኮ።"

"ድሮም አልታመመችም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ቆጮሽን ትወደው ነበር። የእናቴን ምግብ ይመስላል ትል ነበር።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። በዘንጓ ብትለኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን መንገዱ ዳር ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ "ታዲያ በሬን ለምን ዘጋሁባት?" አለችኝ። እኔን አልነበረም የጠየቀችው መሰለኝ። ግን መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ መልሱም እኔ ነኝ።

"ለሷም ንገራት" አለችኝ። "አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ።"

ስልኬን አውጥቼ በድምጽ ቀድቼ ላክሁላት። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረብኝ። ውሸት የኔ ነው፣ በር የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ እነሱ ይወዱሻል፣ አልተሰለቹም፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ። እማማ በየነች አንድም ቃል አልገባትም፣ ግን እስኪያልቅ አይኗን ከአፌ ላይ አላነሳችም።

ሚን ሰምታዋለች። እንደሰማችው ስልኩ ያሳያል። መልስ የለም። ባትመልስ ልክ ናት፣ ብትረግመኝም ልክ ናት። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁና? ልጅ ነበርኩ እንዳልል ሞተር የምነዳ ጎረምሳ ነበርኩ። አልገባኝም እንዳልል ገብቶኛል። ምክንያት ፈልጌ ያገኘሁት ሻይ ቤት የተሳቀብኝን ሳቅ ብቻ ነው፣ እሱም ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ እማማ በየነች ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ወጥታ እኛ ቤት ትመጣለች። አትገባም፣ ደጅ ቆማ ነው የምትጠይቀኝ። ዛሬም መጣች። "መለሰች?" አለችኝ። "መልሳለች፣ ሰላም ብላሻለች፣ እህቴ ብላሻለች" ብላት እንዴት ደስ ይላት ነበር። እግሯም ያርፍላት ነበር። አፌ ላይ መጥቷል፣ ለኔ እንዲህ ያለውን ማሳመር ምንም አይደለም።

"አልመለሰችም፣ እማማ" አልኳት።

ነጠላዋን አስተካክላ ቁልቁለቱን ወረደች።